ከእናቴ እንስራ የተቀዳ ውሃ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከቤቴ ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ስሄድ በስተቀኝ አንድ ብየዳ ቤት አለ። ልጆቹ በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ሬዲዮናቸው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በቀደም በዚያ ሳልፍ አንደኛው የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጭስስ አለና እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ። የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ዝናብ የመታው አቧራ የሚመስል፣ ትንሽ ጉሮሮ የሚከረክር። እግሬ እዚያው ቀረ። "እማማ፣ ራቅ ይበሉ፣ ብልጭታው ዓይንዎን ይጎዳል" አለኝ ልጁ። እኔ ያደግሁት ከብልጭታ አጠገብ ነው፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት ሳስበው ነው ንዴቱ አናቴ ላይ የወጣው። ዕድሜዬ ሰባን ሊነካ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የማንንም ደጅ አልደፈርኩም። የገዛ አባቴን ሥራ ለመጥራት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ የማየው ምን ሠርቼ ነው?

አፌን ያስዘጋችኝ ልጄ አልማዝ ናት። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሳይነጋ መጣች፤ ነጠላዋን እንኳ በደንብ አላጣፋችም። "እማዬ፣ እሑድ የልጁ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ። የቤቲን ነገር ለመጨረስ ነው። ዘር ይጠይቃሉ አሉ። ስለ አያቶቼ ከጠየቁሽ ገበሬዎች ነበሩ በይ። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ። ቤቲ የአልማዝ ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ናት። የምትወደው ልጅ ናትናኤል ይባላል፤ ጨዋ ነው፣ ቤቴ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። መሐንዲስ ነው። ምን የሚሠራ መሐንዲስ መሰላችሁ? ከከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ብረት የሚያቀልጥ። ብረት በእሳት አቅልጦ፣ ስቦ፣ አቀዝቅዞ የሚሸጥ። ለዚህ ሥራው ደመወዝ አለው፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ እናቱ "ኢንጂነሩ" እያለች ትጠራዋለች። አባቴ ያንኑ ሥራ በወናፍና በከሰል ሲሠራ ስሙ ቡዳ ነበር። እስቲ ይሄን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው ይምጣ።

"ዋሺ ነው የምትዪኝ?" አልኳት አልማዝን።

"ረዓብስ ዋሽታ አይደል ሰላዮቹን ያዳነችው? የግብፅ አዋላጆችስ? እግዚአብሔር ቤት ሠራላቸው እንጂ መቼ ቀጣቸው?" አለች። መጽሐፍ የምታነብ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ አሁን በኔው ዱላ መታችኝ።

"ረዓብ የዋሸችው የሰው ነፍስ ለማትረፍ ነው። እናትና አባቷን አልካደችም። እንዲያውም እነሱን አድኑልኝ ብላ ነው ያስማለቻቸው። አላውቀውም ብሎ የካደውን ከፈለግሽ ጴጥሮስ አለልሽ፤ እሱም ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ መራራ ለቅሶ አልቅሷል።"

አልማዝ ማልቀስ ጀመረች። "እማዬ፣ አንቺ እውነቱን ተናግረሽ ትረኪያለሽ፤ ልጄ ግን ቆማ ትቀራለች። ከተማው ውስጥ ስሟ ይወጣል። ማን ይጠይቃታል ከዚያ በኋላ?" አለች። ይሄ ልቤን ወጋው። ንዴቴ ላይ ሐዘን ተጨመረበት። ለማንኛውም ብዬ፣ "የልጁ አባት ማን ይባላል?" አልኩ። "ቄስ አክሊሉ፣ የመምሬ ተክሌ ልጅ። የአንኮበር ሰዎች ናቸው" አለች።

ተቀመጥኩ። አክሊሉን አውቀዋለሁ። እሱ አያውቀኝም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ።

እኛ የነበርነው እዚያው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጉሙ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር ወጥቶ ቤት ድረስ በሚገባበት አፋፍ ላይ ነው። ጠይብ ሰፈር ይሉታል፤ አራት አምስት ቤት ነበር። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፣ እናቴ ጥሩነሽ ሸክላ ትሠራለች። የገበያ ቀን እናቴ እንስራና ማሰሮዋን በገለባ አሥራ በጀርባዋ ትወጣለች፣ እኔ ትንንሾቹን ጀበናዎች ይዤ እከተላለሁ። ያኔ ጎረቤላ ገበያ የሌለ ነገር አልነበረም ለእኔ። የመንዝ ባና የለበሱ ባላገሮች፣ ካኪ ኮት በበረባሶ ያደረጉ ጎረምሶች፣ ከቆላ የመጣ በርበሬ፣ ጨው፣ መርፌና ክር። አንድ ነጋዴ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው፤ ዘፈን ሲከፍት ሰው ይከበው ነበር፣ የክራር ድምፅ ከነጩኸቱ። ደህና ማሰሮ በስሙኒ ይሸጣል፣ ትልቅ እንስራ በሽልንግ። ሴቶቹ እንስራውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ውስጡን ያያሉ፣ ይገዛሉ። አንዷ ግን ውሃ ጠምቷት እናቴ ከኮዳዋ ልስጥሽ ብትላት፣ "ይቅርብኝ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት" ትላለች። እንስራዋን ገዝታ ቤቷ ወስዳ ዓመት ሙሉ ውሃ ትጠጣበታለች፤ እንስራውን ከሠራችው ሴት እጅ ግን አትጠጣም። የኛ አገር ሰው ጥበብ ይሄ ነበር። በአባቴ ማረሻ የታረሰ እንጀራ ይበላሉ፣ አባቴን ግን ወደ መሶቡ አያስጠጉም። ስማቸውን ክርስቲያን ይላሉ፣ ዐርብ ረቡዕን ይጾማሉ።

ስለምን ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። ቀጥቃጭ የቃየል ዘር ነው፣ መጽሐፍ ይላል። የትኛው መጽሐፍ? የማያነቡት መጽሐፍ። ይሄውላችሁ ሰሞኑን ቤቲ ስልኳ ላይ "ስለ ዘር መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል" ብላ ብትጠይቅ መጀመሪያ የመጣላት አንድ ወጣት ሰባኪ ነው። ሱፉ ያብረቀርቃል፣ ከጀርባው መብራት አለ፣ ያው የጥንቱን ነገር በአዲስ ልብስ ያወራል። የቃየል ዘር፣ ብረት ቀጥቃጩ ቱባልቃይን፣ እርግማን፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው በእልፍ "አሜን" ብሎለታል። ቤቲ ስልኩን እያሳየችኝ፣ "እማማ፣ ይሄ እውነት ነው?" ስትል የዓይኗን ነገር ባያችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ያነደደኝ ነገር፣ እኔ አልፌዋለሁ ያልኩት፣ ተመልሶ የልጅ ልጄ እጅ መዳፍ ላይ ተቀምጧል። የዚያን ቀን የምሳ ሳህኔን በቁጣ አራቅሁት።

አክሊሉ እኛ አፋፉ ላይ ሳለን አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአጥቢያው ቄስ የመምሬ ተክሌ የመጨረሻ ልጅ፣ ፀጉሩ ቁንጮ የተተወለት። ክረምት መውጫ ላይ ታመመ፤ ሳሉ፣ ትኩሳቱ፣ ደረቱ እንደ አባቴ ወናፍ ይነፋል። ዛሬ ቢሆን የሳንባ ምች ነው ብለን ወደ ሆስፒታል እንሮጣለን። ያኔ ግን ቤቱን ዘጉት፣ በብርድ ልብስ ጀቦኑት፣ ጭስ አጨሱበት። ውሃ ከለከሉት፣ ትኩሳት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይገድላል ተብሎ። ከዚያ አክስቱ በላዩ ላይ ቆማ፣ "ማን በላህ? ተናገር፣ ማን በላህ?" ትለዋለች፤ የተበላ ሰው የበላውን ይለፈልፋል ይባላልና። ልጁ መናገር አልቻለም። እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ማእዘን ላይ ወደቆመው እንስራ ዘረጋ። ውሃ የጠማው ሕፃን ወዴት እጁን ይዘርጋ? እነሱ ግን፣ አየሽ፣ እንስራ ሠሪዋን ነው የሚያመለክተው አሉ። ያ እንስራ የእናቴ ሥራ ነበርና።

ሁለት ሰዎች መጡ፣ ዱላ ይዘው። አባቴ ወናፉን ለቆ ተነሣ። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። በተበላው ሰው ላይ ቡዳዋ እንትፍ ካለችበት ይድናል ነው እምነታቸው። "ጥሩነሽ፣ እንዳትሄጂ። ከተፋሽ አመንሽ ማለት ነው። ዕድሜ ልክሽን አትወጪበትም" አላት። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። "ካልሄድኩና ልጁ ከሞተ ገዳዩ እኔ ነኝ። ከሄድኩ ቡዳ ነኝ። እንግዲህ ከሁለቱ ልጁ የሚተርፍበት ይሻላል" አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነጠላዋን ይዤ ተከተልኳት።

ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ከአልጋው አጠገብ የኔታ ቆመዋል፤ መጽሐፍ የሚያውቁ፣ ለአገሩ ሁሉ ዳዊት ያስቆጠሩ ሽማግሌ፣ ለልጁ ሊደግሙለት ተጠርተው ነው። እናቴ የልጁን ከንፈር አየች። ተሰንጥቋል። ማንንም ሳትጠይቅ ወደ እንስራው ሄደች፣ በጣሳ ቀዳች፣ ጣቷን ነክራ ከንፈሩን አራሰችው፣ ከዚያ ራሱን ቀና አድርጋ አጠጣችው። አክስቲቱ ልትጮህ ስትል ልጁ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ዓይኑን ከፈተ። "ውሃማ ስጡት እንጂ" አለች እናቴ። "ውሃውን ተይውና ትፊበት" አሉ። የኔታን አየቻቸው። የኔታ መሬት መሬት እያዩ፣ "ለሰላም ሲባል" አሉ። ተፋችበት። እንትፍ፣ እንትፍ። ያን ጊዜ ያየሁት የእናቴ ፊት አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ከጎረቤላ ድሬሰሩ በበቅሎ መጣና መርፌ ወጋው፤ መምሬ ተክሌ በጠዋቱ ሰው ልከውበት ነበር። በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም መጥቶ ደጋገመለት። ልጁ ዳነ። በማን ዳነ? በምራቅ ነዋ። አየህ፣ በልታው ነበር፣ ስትተፋበት ለቀቀችው፣ ምስክሩ ልጁ ራሱ ነው አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው። ድሬሰሩን በግ አርደው ሸኙት፤ እናቴን ግን የሚያያት ሰው መስቀል ያማትብ ጀመር። በሽልንግ የሚሸጠውን እንስራዋን የሚገዛት ጠፋ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከኔ ጋር እንዳይጫወቱ ጠርተው ያስገቧቸዋል። የደግነቷ ዋጋ ይሄ ሆነ።

የኔታ አንድ ቀን ሲመሻሽ መጡ። በፊት ለፊት መንገድ አይደለም፣ በጓሮ፣ እንደ ኒቆዲሞስ። አባቴ በርጩማ አቀረበላቸው፣ ተቀመጡ። እናቴ እንዲህ አለቻቸው፤ "የኔታ፣ እርስዎ መጽሐፉን ያውቁታል። እኔ የቃየል ዘር ነኝ? እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ነው የፈጠረኝ?"

የኔታ መልሱን ያውቁት ነበር፤ የኔ ንዴት ምንጩ እዚህ ላይ ነው። አልተጠራጠሩም፣ አልፈለጉም፣ መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር። "የቃየል ዘር እኮ በጥፋት ውሃ አልቋል ልጄ" አሏት። "ከመርከቧ የወጣው ኖኅና ልጆቹ ብቻ ናቸው። እኔም የኖኅ ልጅ ነኝ፣ አንቺም፣ መምሬም።" ባስልኤል የሚባለውን ሰው ነገሯት፤ እግዚአብሔር ስሙን ጠርቶ፣ መንፈሱን ሞልቶበት፣ ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ የመገናኛውን ድንኳን ሥራ የሰጠውን። ከዚያ ቆይተው፣ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው አወሩላት። ደቀ መዛሙርቱ ማን በድሎ ነው እንዲህ የሆነው፣ እሱ ነው ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ እሱም አልበደለ፣ ወላጆቹም አልበደሉ አላቸው። "ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ ጥሩነሽ? መሬት ላይ እንትፍ አለ። በምራቁ ጭቃ ለወሰ። ልክ እንዳንቺ በእጁ ጭቃ ለወሰና የሰውየውን ዓይን ቀባው።" እናቴ እጆቿን አየቻቸው። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበር፣ ሁልጊዜም አለ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

አባቴ ግን አላለቀሰም። "የኔታ፣ ይሄን ሁሉ የሚያውቁ ከሆነ፣ ያን ዕለት ለምን አላሉም? እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ለምን አላሉም?" አላቸው። የኔታ በትራቸውን አሻሹ። "እንጀራዬ እዚያው ነው ልጄ" አሉ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የኔታ ጓሮ ለጓሮ ጣፈጡ እንጂ ወጡ ላይ አልገቡም። እወዳቸው ነበር፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አንድም ቀን ከሌላው ልጅ ለይተው አላዩኝም። ነገር ግን መልስ ማለት ለጠየቀው ሰው በሹክሹክታ ተነግሮ ለበደለው ሰው የሚደበቅ ነገር ነው? ይሄንን እሳቸውን ሳልጠይቅ ሞቱ። እኛንም ልጁ በታመመበት ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ አባቴ መስፉን፣ ብረት የሚቀጠቅጥበትን፣ በአህያ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣን። ከብርዱ በቀር የሚያውቀን ሰው አልነበረም። እናቴ ሸክላ መሥራት ተወች። ከሠራቻቸው አንድ እንስራ ብቻ ቀረን፤ አሁንም ቤቴ ማእዘን ላይ አለ፣ ፍሪጅ እያለኝ ውሃ የምጠጣው ከሱ ነው።

እሑድ ደረሰ። ቄስ አክሊሉ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ ፂማቸው ሸብቷል፣ ደርባባ ሰው ናቸው። ናትናኤል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አልማዝ ከበሩ ሥር ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ቤቲ ከጓዳ አትወጣም፤ የሠርጓን ነገር ሰው ሲመዝንላት እዚያ ተቀምጣ ትሰማለች። ከሰላምታ በኋላ ቄስ አክሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እመይቴ፣ ልጅቱን ወደናታል። ቅር አይበልዎት፣ እኛ ደግሞ የካህን ቤት ነን፣ አጥንት እንቆጥራለን። ከአንኮበር በኩል መሆንዎን ሰምተናል።"

"ምን ፈርታችሁ ነው አባ?" አልኩ።

"እውነቱን ልንገርዎት። እኔ በልጅነቴ ተበልቼ ሞቼ ነበር። አንዲት ጠይብ ነበረች በሰፈራችን። አምጥተው ሲያስተፏት ነው ለቅቃኝ የዳንኩት። ይህንን በሰውነቴ አውቀዋለሁና ዘር አጣራለሁ፣ አይፈረድብኝም።" ይሄንን ነገር ብዙ ጊዜ እንዳወሩት ከአነጋገራቸው ይታወቃል፤ የት ጋ ድምፅ እንደሚቀንሱ ያውቁታል።

አልማዝ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ተነሣሁና ወደ እንስራው ሄድኩ። በጣሳ ቀዳሁ፣ አመጣሁና ፊታቸው አቆምኩት።

"ይጠጡ አባ፣ መንገድ አድክሞዎታል።"

ጣሳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። አንድ ነገር ጠርጥረዋል። "እጾማለሁ" አሉ።

"በእሑድ?" አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። "ወገኔን ጠየቁኝ፣ ልመልስ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ጥሩነሽ ትባላለች። የተፋችብዎት እሷ ናት። እኔ በር ላይ ነጠላዋን ይዤ ቆሜ ነበር። ይሄ ውሃ የተቀዳው በእጇ ከሠራችው እንስራ ነው። እናቴን ክጄ የልጅ ልጄን አልድርም። ልጅዎ ስሙ ናትናኤል ነው፤ ያኛውም ናትናኤል ከናዝሬት ምን ደግ ነገር ይወጣል ብሎ ነበር፣ ግን መጥተህ እይ ሲሉት መጥቶ አየ። እርስዎም መጥተዋል፣ እንግዲህ ይዩ።"

ናትናኤል ቀና ብሎ አባቱን አየ። ቄስ አክሊሉ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አያያዛቸውን አውቀዋለሁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዷል።

"ምራቁን እኔ አላስታውስም" አሉ። "ምራቁን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ውሃ ነው። ጨለማ ውስጥ አንዲት ሴት ራሴን ደግፋ ውሃ ስታጠጣኝ። እናቴ ናት እል ነበር። እናቴ ግን አይደለሁም ትለኝ ነበር።"

አዘነችላቸው ትሉ ይሆናል። ተናደድኩ። "ታዲያ ዕድሜዎን በሙሉ ውሃውን እያስታወሱ ምራቁን ለምን ሰበኩት?" አልኳቸው።

ጣሳውን አንሥተው ጠጡ፣ እስከ ታች ድረስ፣ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ባዶውን ጣሳ ሳያዩኝ ወደ እኔ ዘረጉት። እናቴ ብትሆን ዝም ብላ ትቀዳላቸው ነበር። እኔም ቀዳሁላቸው፤ እኔ ግን እናቴን አይደለሁም፣ የኔታንም አይደለሁም፣ እየቀዳሁ እንዲህ አልኳቸው፤ "ይሄንን እዚህ ቤት ውስጥ ለኔ አይንገሩኝ። በሚመጣው እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ልስማዎት። ከፊት ነው የምቆመው።"